ቦራ የሚባል ልጅ የለኝም

ሰው ሁሉ አገሩን ጥሎ የሚወጣው በጨለማ ነው ይላሉ። እኔ የወጣሁት ቅዳሜ በቀትር፣ በመቱ ገበያ መሀል ለመሀል፣ መሰላል ተሸክሜ ነው። በአንድ እጄ የቀለም ጣሳ፣ በኪሴ ሁለት ብሩሽ፣ በትከሻዬ አራት ሜትር የባሕር ዛፍ መሰላል። «ደምሴ ቀለም! ወዴት ነው?» ይለኛል ያገኘኝ ሁሉ። «ኡካ፣ ታፔላ ልጽፍ» እላለሁ። የመቱ ሕዝብ በሙሉ ከነአህያው ጠይቆኛል ብል ያጋነንኩት ጥቂት ነው። ኡካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ያን ቀን ታፔላ ጻፊ ይመጣል ተብሎ የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ። አሁንም መንገድ ላይ ነኝ።

ከመቱ ሰው እውነቱን የምታውቀው ልጄ ሴና ብቻ ነበረች። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደግናት እኔና ታላቅ እህቴ እትዬ ወርቄ ነን። ጭቃው ቁርጭምጭሚት በሚውጠው ደጃችን ላይ ቆማ፣ «መሰላሉ ምን ያደርግልሃል አባ?» አለችኝ።

«መሰላል የያዘ ሰው አይጠረጠርም። ሰው የሚያየው መሰላሉን ነው።»

«እኔንስ መቼ ትወስደኛለህ?»

«ቦሩ» አልኳት። በኦሮምኛ ነገ ማለት ነው። ሳትስቅ ራሷን ነቀነቀች።

ከአገር ያስወጣኝም ይኸው ቃል ነው። ቦሩ በላቲኑ ፊደል፣ እኛ ቁቤ በምንለው፣ ሲጻፍ «ኦ»ዋ አንዲት ናት። ሁለት ካደረጋችኋት ድምፁ ይረዝምና ቃሉ ሌላ ይሆናል፤ «የደፈረሰ» ማለት፣ ክረምት ላይ እንደ ሶር ወንዝ። እንግዲህ አንድ ትልቅ ሹም ወደ ከተማችን ሊመጣ ነው ተብሎ በአስፋልቱ ላይ የሚወጠር ስምንት ሜትር ጨርቅ አዘዙኝ። ጽሑፉ «ቦሩ ከን ኬኛ»፣ ማለትም «ነገ የእኛ ነው» የሚል። ጻፍኩ። ተሰቀለ። ሹሙ በሥሩ በመኪና አለፈ። ሕዝቡ ቀና ብሎ አነበበ፤ «የደፈረሰው የእኛ ነው»።

መጀመሪያ የሳቀው አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው አሉ። ከዚያ ሳቁ በባጃጅ ስለተጓጓዘ ከተማውን ለማዳረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ሱቄ መጡ። አንደኛው ሳይቀመጥ፣ «ይህችን ሁለተኛ ኦ ማን ጨመራት?» አለኝ።

«ቀለም ተርፎኝ ነው ጌታዬ» አልኩት።

አልሳቀም። «ቀልድ ትችላለህ ይሉሃል። ሰኞ ጠዋት መጥተህ ለአለቃችን ትቀልድለታለህ» ብሎኝ ወጣ። በዚያን ሰሞን «ሰኞ ና» የተባሉ የሠፈራችን ወጣቶች ስንት ሰኞ አልፎም አልተመለሱም ነበር። እኔ ቅዳሜን መረጥኩ።

የኡካውን ሚኒባስ ሰው ሁሉ እያየኝ ተሳፈርኩ። ከከተማው ወጣ እንዳልን ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ ወረድኩ፣ መሰላሌን ቁጥቋጦ ሥር ጣልኩ፣ በማሳ ውስጥ ተሻግሬ የጎሬው መንገድ ላይ ጠበቅኩ። እዚያ ጋሼ ሁሴን በቀጠሯችን መሠረት በጭነት መኪናው መጣ። ጋሼ ሁሴን የአክስቴ ባል ነው፣ የጎሬ ሰው፣ ከማርና ከቡና በቀር ሌላ ነገር ጭኖ የማያውቅ። ከማር በርሜሎቹ መሀል አስገብቶ ሸራ አለበሰኝ። «እንደ ማር ሁን፤ ዝም በል» አለኝ። ችግሩ ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ በዚያው በመቱ መሀል ነው የሚያልፈው። አሁን ተሰናብቼው የወጣሁትን ከተማ ተደብቄ ደግሜ ላቋርጠው ነው።

በሸራው ቀዳዳ በአንድ ዓይኔ አየሁት። ሆስፒታሉን የሚያሳየው ቀስት የእኔ ነው። የመስጊዱ ታፔላ የእኔ ነው፤ ለአረብኛው ፊደል ሼኹ ከሥሬ ቆመው «ነጥቧ! ነጥቧን ረሳሃት!» እያሉ የጻፍኩት። የጸሎት ቤቱም፣ የጠበል ቤቱም፣ የፀጉር ቤቱም የእኔ እጅ ነው። ከተማው ሁሉ በእኔ ጽሑፍ እያነጋገረኝ አለፈ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፈርቼ ነበር፤ ስደት የሚባለው ነገር የገባኝ ግን እዚያ ሸራ ሥር ነው።

ኬላው ላይ ቆምን።

«ምን ጫንክ?» አለ ሚሊሺያው።

«ማር ነው» አለ ጋሼ ሁሴን።

አሳለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፤ ዓመት ሙሉ ያልሳልኩ ሰውዬ ያችን ሰዓት መርጬ!

«ማርህ ያስላል እንዴ?»

«የኢሉባቦር ማር ነው እኮ ጌታው፤ ብርድ አይወድም።»

ሸራው ተገለጠ። ከፊቴ የቆመውን ልጅ አወቅሁት፤ የሠርጉን ቀን «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። እሱም አወቀኝ። አንድ ትንፋሽ ያህል ተያየን። ልቤ በርሜሉን ሲደበድበው ጎሬ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ ሸራውን መለሰና ለጓደኛው ጮክ ብሎ፣ «ማር ነው፤ ግን ደፍርሷል» አለው።

አለፍን።

የበረሃውን ነገር አሳጥሬ ልንገራችሁ፤ ረጅሙን የሚያወራ፣ ሰው አልሞተበትም ማለት ነው። ከመተማ ወዲያ፣ ከካርቱም ወዲያ፣ አንዲት ፒካፕ ላይ ሃያ ሰባት ሆነን ተሰቀልን። ውሃ በጠርሙስ ቆርኪ ይታደለን ነበር። በመቱ ጣሪያዬ ሲያፈስ ስንት በርሜል እየረገምኩ ወደ ደጅ እንደደፋሁ አስቡት። በሦስተኛው ቀን አንድ የጂማ ልጅ ቆርኪውን ከእጄ ተቀብሎ ሳይጠጣው አንቀላፋ፤ አልነቃም። እዚያ ላይ ቀልዴ አለቀ። ካይሮ ከገባሁ በኋላ ነው ቀስ በቀስ እያቆጠቆጠ የወጣው።

ካይሮ ዝናብ የለም። መቱ በዓመት አሥራ ሦስቱንም ወር ይዘንባል፤ ጳጉሜን እንኳ አይምራትም። እዚህ ጃንጥላ የምትሸጥ ሴት ብትኖር ልጆቿን በምን ታሳድግ ነበር እያልኩ አዝናለሁ። ምግባቸው ፉል ነው፤ ጠዋት ፉል፣ ማታ የጠዋቱ ፉል ወንድም። ጎደሬ አምሮኝ ገበያ ዞሬ አገኘሁ፤ «ኦልቃስ» ይሉታል። ሰልቅ በሚሉት ቅጠልና በነጭ ሽንኩርት ቀቅለው ሰጡኝ። የአክስቴ ልጅ የማላውቀውን ሰው ልብስ ለብሶ የመጣብኝ መሰለኝ።

አሁን ወደ ጉዱ እንግባ። የስደተኞች ጽሕፈት ቤት የሚባል ነበርና ለምዝገባ ተሰለፍኩ። ሰባት ሰዓት ቆሜ መስኮቱ ጋ ስደርስ አስተርጓሚው ምሳ ሄዷል። ከጸሐፊው ጋር በካርቱም አረብኛዬ፣ ሠላሳ ቃል ብትሆን ነው፣ ተፋጠጥን።

«ኢስመክ?»

«ደምሴ።»

«ደምሴ ሚን?»

እሱ «የትኛው ደምሴ? የማን?» ማለቱ ነው። እኔ ካርቱም የለመድኳት «ሚን» ግን «ከ» ማለት ናት። ከየት ነህ ያለኝ መሰለኝና ደረቴን ነፍቼ፣ «ኢሉ አባ ቦራ!» አልኩት፤ ኢሉባቦር ማለቴ ነው።

ግብፆች «ኢሊ» ሲሉ «ያ የሆነው» ማለታቸው ነው፤ «አቡ» ደግሞ አባት። ስለዚህ ጸሐፊው የሰማው «ያ የቦራ አባት የሆነው ደምሴ» ነው። በጣም ግልጽ መልስ! ፈገግ አለ። ከመቱ ከወጣሁ በኋላ ባለሥልጣን ፈገግ ሲልልኝ የመጀመሪያው ነበር።

«አቡ ቦራ! ዐንደክ ቦራ?» ቦራ አለህ?

ይኸውላችሁ፣ እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ። ግን ሳቅ የራበው ሰው ሳቅ ሲያቀርቡለት አይመርጥም። ቦራ ማን እንደሆነ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም፤ የድሮ ባላባት ፈረስ ነው። ያገራችን ሰው ጌታውን በፈረሱ ስም «አባ እንትና» ብሎ ይጠራል፤ አገሩም በዚያው ተጠራ። እኔም ሳቄን እየዋጥኩ፣ «አይዋ! ዐንዲ ቦራ!» አልኩ፤ አዎ፣ ቦራ አለኝ ማለቴ ነው። ቀልዱ ሲያልቅ ቁም ነገሬን አስከተልኩ፤ «ወ ሴና» አልኩ፤ ሴናም አለችኝ ማለቴ።

«ሰና» በአረብኛ ዓመት ማለት ነው።

ጸሐፊው ጻፈ፤ ወንድ ልጅ፣ ስሙ ቦራ፣ ዕድሜው አንድ ዓመት። ልጄ ሴና፣ ስሟ በኦሮምኛ «ታሪክ» ማለት የሆነው፣ የፈረስ ዕድሜ ሆና ቀረች። እኔ ግን አስመዘገብኳት ብዬ፣ የስደተኛ ቢጫ ካርዴን በደረት ኪሴ ከትቼ፣ እያፏጨሁ ወጣሁ።

ስሙ ግን ተከተለኝ። ሰልፉ ላይ የነበሩ አበሾች ሰምተው «አቡ ቦራ» አሉኝ፤ የሠፈሩ ባለሱቅ ከእነሱ ወሰደ፤ አከራዬ ኡም ካሪም ከባለሱቁ። ኡም ካሪም፣ ማለትም የካሪም እናት፣ ሰፊ ጥቁር ቀሚስ የምትለብስ፣ ከአምስተኛ ፎቅ ስትጮህ አስዋን ድረስ የምትሰማ ሴት ናት።

«ያ አቡ ቦራ! ውሃው መቼ ይመጣል አትበለኝ፤ ቡክራ!»

ቡክራ ማለት ነገ ነው። ቧንቧው ቡክራ፣ አሳንሰሩ ቡክራ፣ የተሰበረው መስኮት ቡክራ ኢንሻላህ። እኔ ከነገ ሸሽቼ ነገ ውስጥ ገባሁ።

«ቦራ የት ነው ያለው?» አለችኝ አንድ ቀን።

«አገር ቤት ነው።»

«ምን ያህላል?»

እጄን ከራሴ በላይ አነሳሁ።

«ማሻአላህ! በዚህ ዕድሜው! ምን ትመግቡታላችሁ?»

«ሣር።»

«ሰላጣ ማለትህ ነው» ብላ አረመችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየበዓሉ ለቦራ ጣፋጭ ትልካለች፤ «ሰው ሲሄድ ትልክለታለህ» እያለች። እኔ እበላዋለሁ። የፈረስ ራሽን እየበላሁ ሁለት ዓመት ተኩል ሞላኝ።

ከዚያ ለትልቁ ቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። የምትጠይቀው ነጭ ሴት ናት፣ ከፀጉሯ ጀምሮ ሁሉ ነገሯ የተተኮሰ። አስተርጓሚዋ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ጨዋ። ሴና አሥራ ስድስት ሞልቷታል። አሥራ ስምንት ከሞላት በኋላ ልጅ ተብላ በፋይሌ ልትገባ እንደማትችል ሰው ሁሉ ነግሮኛል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ልጄ ሲሆን ደስ አለኝ።

«ልጅህ ቦራ የት ነው?»

ሳቅሁ። ሴትዮዋ አልሳቀችም።

«ስትመዘገብ የአንድ ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ ብለሃል። የምትኖረው ብቻህን ነው። ሕፃኑን ለማን ሰጠኸው?»

ክፍሉ ቀዘቀዘ። ሰው የሚነግዱ ሰዎች እንዳሉ እኔም አውቃለሁ፤ በረሃ ላይ አይቻቸዋለሁ። አሁን እኔን በዚያ ዓይን እያየችኝ ነው።

«ፈረስ ነው» አልኩ።

አስተርጓሚዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እንዳሉት ልተርጉመው?»

«እንዳልኩት።»

ተረጎመችው። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። «ፈረሱ አሁን የት ነው?»

«ሞቷል። መቶ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም።»

«የሞተ ፈረስ ልጄ ነው ያልከው ለምንድን ነው?»

  «የመዘገበኝ ሰውዬ ሳቀልኝ» አልኩ፤ አስተርጓሚዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተረጎመችው።

ሴትዮዋ ወረቀት ገለበጠች። «እሺ። ከየት እንደመጣህ እንድንረዳ፣ የአገርህን የፖለቲካና የሃይማኖት ታሪክ ባጭሩ ንገረኝ።»

ባጭሩ! ሦስት ሺህ ዓመት፣ ከሻይ ሰዓት በፊት።

«ታሪኩ ያለው አንድ ቆርቆሮ ላይ ነው» አልኳት። «በንጉሡ ጊዜ አባቴ፣ እሱም ታፔላ ጻፊ ነበር፣ ‹የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት› ብሎ ጻፈበት። ደርግ ሲመጣ በላዩ ላይ በቀይ ‹ክፍለ ሀገር› ብሎ ደረበ። የፌዴራሉ ሲመጣ የአባቴ ዓይን ደክሞ ነበርና እኔ በቁቤ ‹ኢሉ አባ ቦራ ዞን› ብዬ ደረብኩ። ዝናቡ በላጠው ቁጥር ከሥር ሌላኛው ብቅ ይላል። እኛ አገር መንግሥት አይሻርም፤ በላዩ ይቀባበታል።»

«ሃይማኖቱስ?»

«አያቴ ወንዝ ዳር ዛፍ ሥር ዋቃን ይለምን ነበር። ሹማምንት መጡና ከመንደሩ ሰው ጋር አሰልፈው አስጠመቁት፤ ለአንድ ሰልፍ ሰው ሁሉ አንድ ስም። አባቴ ጴንጤ ሆነ። ደርግ ጸሎት ቤቱን ዘጋና እሱን አሰረው። ሲፈታ ከበሩ ላይ የወረደውን ታፔላ፣ ራሱ የጻፈውን፣ ቀበሌ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ሆኖ አገኘው። ቁጭ አለበትና ተራውን ጠበቀ። እህቴ እንደ እናታችን ኦርቶዶክስ ናት፤ አክስቴ ሙስሊም አግብታ ሰለመች። ስንድር ሁለት በሬ እንጥላለን፣ አንዱን በስመ አብ፣ አንዱን በቢስሚላህ፤ ለጴንጤዎቹ ደግሞ ጠላውን ከፊታቸው እናነሳለን።»

«አንተስ ምንድን ነህ?»

«የጠራኝ ጋ እበላለሁ።»

«ቅጹ ላይ አንድ ብቻ ነው የሚመረጠው።»

አግዳሚው ወንበር ትዝ አለኝ። «ፕሮቴስታንት» አልኩ።

ከዚያ ጨርቁ ጋ ደረስን። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። «ያችን ሁለተኛ ፊደል የጨመርካት አውቀህ ነው ወይስ በስህተት?»

ወጥመዱ ታየኝ። በስህተት ካልኩ እኔ ስደተኛ ሳልሆን ፊደል የሚስት ጸሐፊ ነኝ፤ ፊደል ለሳተ ደግሞ ጥገኝነት የሚሰጥ አገር የለም። አውቄ ነው ብዬ እንደ ጀግና ልንጠራራ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ቦራ የመጣብኝ ከዚያው ከንፈር ነው። የሆነውን ነገርኳት።

«ጨርቁን ደጄ ላይ ወጥሬ እየጻፍኩ ነበር። የመጀመሪያዋን ኦ ስጨርስ ጎረቤቴ እትዬ አበቡ አለፉ። ለታሰረ ልጃቸው ምሳ ወስደው፣ አልተቀበሏቸውም፣ ሳህኑን እንዳሰሩት ይዘው ሲመለሱ ነበር። ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ቀና ብዬ ሰላም ስላቸው እጄ አልቆመም። ዝቅ ስል ሁለት ነበረች።»

«ስለዚህ ስህተት ነው።»

«ነጭ ቀለም አጠገቤ ነበር» አልኳት። «አላጠፋኋትም።»

ሴትዮዋ ይህንን ሳትቸኩል ጻፈችው።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረችው። ቦራን ከፋይሉ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ማሽኑ የሚያውቀው ሦስት ምክንያት ብቻ ነው። ሞቷል፤ ጠፍቷል፤ ከሌላው ወላጅ ጋር ነው። «ፈረስ» የሚል የለም። ሞቷል የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ሴና ፋይሉ ውስጥ እንደሌለች ያወቅሁት ያኔ ነው፤ እሷን ለማስገባት ደግሞ የእኔ ልጅ መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት ከመቱ ላመጣ ነው። የሌለው ልጄ የሞተው ያለ ምንም ማስረጃ ነው፤ ያለችው ለመኖር ማኅተም ተጠየቀች።

ቤት ስደርስ ኡም ካሪም ደረጃው ላይ ነበረች። «ፊትህ ምን ሆነ?»

ይህ ቀልድ ይብቃኝ ብዬ፣ «ቦራ ሞተ» አልኳት።

ጩኸቷን አስዋን ሰማ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ክፍሌ በሴቶች ሞላ። ስኳር የሌለው የለቅሶ ቡና በትንንሽ ስኒ ይቀርብልኝ ጀመር፤ ከቡና አገር መጥቼ ለፈረስ ለቅሶ መራራ ቡና ጠጣሁ። ከላይኛው ፎቅ ኮፕቷ ኡም ጊርጊስ ወርዳ አማተበች፤ ኡም ካሪም እጇን ዘርግታ ፋቲሓ ቀራች። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጁ ሙስሊም ነው ክርስቲያን?» አለችኝ በመሀል። «ሁላችሁም ጸልዩለት» አልኳት። በኢሉባቦር ታሪክ እንደዚህ በክብር የተቀበረ ፈረስ የለም።

ሴቶቹ ሲወጡ ኡም ካሪም ቀረች። ነገር ለማስቀየስ ብዬ፣ «ካሪም የትኛው ልጅሽ ነው? አይቼው አላውቅም» አልኳት።

«ካሪም በሁለት ዓመቱ ነው የሞተው» አለች። «ሠላሳ ዓመት ሆነው። ስሙ ግን እኔ ጋ ቀረ።»

ፈረስ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። አልቻልኩም። አለቀስኩ፤ ኡም ካሪም ለቦራ መስሏት ነበር፣ እኔ ግን ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ደጃችን ላይ፣ ጭቃው መሀል፣ ሳትስቅ ራሷን የነቀነቀችው ናት ከፊቴ የነበረችው።

ወደ መቱ ስልክ ለመደወል በአገራችን የተዘጋው ኔትወርክ እስኪመለስ አርባ ቀን ጠበቅኩ። እትዬ ወርቄ ቀበሌ ሄዳ የልደት ወረቀት ጠየቀች። «የዚያ የደፈረሰው ሰውዬ ልጅ ናት?» አላት ጸሐፊው፤ «አባትዬው በአካል ይቅረብ።» ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፣ ሦስት ጊዜ በአካል ይቅረብ።

በአራተኛው ስልክ ላይ እህቴ ድምፅዋ ተለወጠ። «ደምሴ፣ ብነግርህ አትቆጣም?»

«እትዬ፣ ካይሮ ሆኜ ብቆጣ ምን አመጣለሁ?»

«አንድ ወረቀት አለ። አንተና ሚስትህ የጴንጤ ሠርግ ታፔላ ልትሰቅሉ ጎሬ የሄዳችሁ ቀን፣ ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ነበር። እኔ ጋ ትታችኋት ነው የሄዳችሁት።» ተነፈሰች። «ክርስትና አስነሳኋት።»

አሥራ ስድስት ዓመት ምሥጢር! ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና የጸሎት ቤቱ ዘማሪ የነበረችው፣ ከመቃብር ተነስታ የምትመጣ መሰለኝ። እኔ ግን ሳቅሁ፤ ከበረሃው ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ወረቀቱ የአባት ስም አለው፤ ደምሴ ጉደታ ይላል። ማኅተም አለው። አያቴን በግድ ያጠመቀችው አገር፣ ልጄን በስርቆት አጥምቃ፣ አሁን ልታድናት ነው።

የወረቀቱ ፎቶ መጣ። ይዤ ሮጥኩ። ሴትዮዋ አስተርጓሚዋን አስነበበቻትና ቀና አለች።

«ወለተ ማርያም ማን ናት?»

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የክርስትና ስም መሆኑን ረስቼው ነበር።

«ሴና ናት» አልኩ።

«ሴና የሚል እዚህ የለም። ሁለተኛ ሴት ልጅ አለችህ?»

«አንድ ናት። ሁለት ስም ነው ያላት።»

«ቦራም አንድ ነበር» አለች ሴትዮዋ፤ ክፉ አልነበረችም፣ ደክሟት ነው። አስተርጓሚዋ ሳትጠየቅ ስለ ክርስትና ስም ማስረዳት ጀመረች፤ ሴትዮዋ እጇን አንስታ አስቆመቻት። ፋይሉ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሌሎች ያዩታል። ከዚያ ወዲህ ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፤ በየሳምንቱ በሩ ጋ እሄዳለሁ። ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣ «ቡክራ፣ ያ አቡ ቦራ፣ ቡክራ» ይለኛል። መስከረም ሲጠባ ሴና አሥራ ስምንት ይሞላታል። አሁን ሰኔ ነው።

ትናንት ኔትወርክ ተመለሰና ደወልኩ። ሴና አነሳች። የሱቄን ቁልፍ ከእትዬ ወርቄ ተቀብላ ታፔላ መጻፍ መጀመሯን ነገረችኝ።

«በምን መሰላል?» አልኳት።

«በአንተው ነዋ። ያ የሠርጉን የጻፍክለት ሚሊሺያ ያኔውኑ ቁጥቋጦ ሥር አግኝቶት፣ አምጥቶ ደጃችን ላይ አስደግፎት ሄደ። ‹ከኡካ የተላከ ነው› አለ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀ።

«አባ፣ ታዲያ መቼ ነው?»

«ቦሩ» አልኳት።

 መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሄሎ፣ ሄሎ ማለት ጀመርኩ። አልተቆረጠም፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው የመቱ ዝናብ ይሰማኛል።

«በስንት ኦ?» አለችኝ።